ከብሎኬት ክፍል ቤዝ ጋር፦ የአንድ ስቱዲዮ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 9

ክፍሉ ርዝመቱ 4.20፣ ወርዱ 3.40፣ ከፍታው 2.80 ሜትር ነው። ግድግዳው በሁለቱም ገጽ የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ የለበሰ ኮንክሪት፣ ላዩ ደግሞ የፎቁ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ንጣፍ ነው። የተከራየነው በገና፣ ክራር፣ ከበሮና ዘማሪ ለመቅረጽ፣ የተቀረጸውንም እዚያው ሚክስ ለማድረግ ነው። የበገና መዝሙር ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለገው በዐቢይ ጾም ስለሆነ፣ ክፍሉ ከጾሙ መግቢያ በፊት ዝግጁ መሆን አለበት።

ሥራው ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንዳሉት አስቀድሜ ላስፍር። ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ፣ የመንገድም ድምፅ እንዳይገባ መከልከል አንድ ነገር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የተፈጠረው ድምፅ ሳይንዛዛ ቶሎ እንዲሞት ማድረግ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ወፍራሙ ግድግዳ በከፊል ሠርቶልናል። ሁለተኛውን ግን ያው ግድግዳ አክብዶብናል፤ ቤዝ፣ ማለትም ዝቅተኛው ወፍራም ድምፅ፣ ወደ ውጭ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ክፍሉ ውስጥ ይመላለሳል። ችፑድ ኮርኒስ ያላቸው የጭቃ ቤቶች ለቀረጻ የተሻለ የቤዝ ጠባይ የሚኖራቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኮርኒሱ ከበላዩ ባዶ አየር ስላለው ከቤዙ ጋር እየተርገበገበ ጉልበቱን ይበላዋል፣ ግድግዳውም የተወሰነውን ያሳልፋል። ሶሌታ አይርገበገብም፣ አያሳልፍምም።

ጥቅምት 11

መሣሪያ ከማውጣቴ በፊት በወረቀት አሰላሁ። በ20 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች በመካከላቸው የመጀመሪያውን የቆመ ሞገድ (እየተመላለሰ ራሱን የሚያጎላ ድምፅ) የሚይዙት የድምፅ ፍጥነት በርቀታቸው እጥፍ ሲካፈል በሚገኘው ድግግሞሽ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ እያለ ይቀጥላል። በርዝመቱ በኩል 40.8፣ 81.7 እና 122.5 ኸርዝ (በሰከንድ የርግብግቢት ብዛት) ይመጣሉ። በወርዱ 50.4 እና 100.9፣ በከፍታው ደግሞ 61.3 እና 122.5 ናቸው።

ሁለቱ 122.5ዎች የአጋጣሚ አይደሉም። 4.20 ለ2.80 ሲካፈል በትክክል 1.5 ስለሚሆን የርዝመቱ ሦስተኛ ሞገድና የከፍታው ሁለተኛ ሞገድ አንድ ቦታ ላይ ይደራረባሉ፤ ክፍሉም በዚያ ድግግሞሽ ላይ ከልክ በላይ ይጮኻል። ቤት የሚሠራ ሰው ለስቱዲዮ የሚሆን ክፍል ካሰበ፣ ግንበኛው መሠረት ሳይጥል ይህን የአንድ መስመር ስሌት ቢሠራ ብዙ ወጪ ይተርፈዋል። እኛ ግን ግድግዳውን ማንቀሳቀስ አንችልም።

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር፣ ኢ፣ 41.2 ኸርዝ ነው፤ የርዝመቱ የመጀመሪያ ሞገድ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ቢ የሚባለው ኖታ 61.7 ስለሆነ ከከፍታው ሞገድ ጋር ይገጥማል። አንዱን ኖታ ክፍሉ ያጎላዋል፣ ቀጣዩን ይውጠዋል፤ ተጫዋቹ እኩል ቢመታም የሚሰማው እኩል አይሆንም።

የድምፅ ሳይንስ ሊቁ ማንፍሬድ ሽሮደር ባስቀመጠው ስሌት መሠረት፣ በ40 ሜትር ኩብ ክፍል ውስጥ ድምፅ የሚሞትበት ጊዜ 0.4 ሰከንድ ቢሆን፣ ሞገዶቹ ተነጣጥለው የሚሰሙበት ድንበር 200 ኸርዝ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን መጋረጃ፣ ምንጣፍና የመጽሐፍ መደርደሪያ ይረዱታል። የእኛ ጦርነት ከ200 በታች ነው።

ጥቅምት 13

ማታ፣ ታክሲው ጸጥ ካለ በኋላ፣ በመለኪያ ማይክራፎንና ሩም ኢኪው ዊዛርድ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለካሁ። ፕሮግራሙ ከ20 ኸርዝ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ በስፒከሩ ያሰማና፣ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ምን ያህል እንደጎላና ለመሞት ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደበት ይሥላል። የምከታተለው ሁለተኛውን ነው። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ጠረጴዛ ብቻ ሲኖረው 41 ኸርዝ በ60 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) እስኪወርድ 1.5 ሰከንድ፣ 82 ኸርዝ 1.2፣ 101 ኸርዝ 0.9፣ 122 ኸርዝ ደግሞ 1.3 ሰከንድ ወስዷል። በደቂቃ 120 በሚመታ ዘፈን ውስጥ በአንድ ምትና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው የከበሮ ምት ሳይሞት ሦስተኛው ይደርስበታል።

ከዚያ 82 ኸርዝ ብቻውን አሰምቼ ከፊት ግድግዳ ወደ ኋላ ቀስ እያልኩ ሄድኩ። ግድግዳው ጋ ደረት ይገፋል፤ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲም ላይ ስደርስ ስፒከሩ የጠፋ እስኪመስል ድረስ ይጠፋል፤ ክፍሉ መካከል ላይ ተመልሶ ይጮኻል፤ 3.15 ላይ እንደገና ይጠፋል፤ የኋላው ግድግዳ ጋ ይመለሳል። ይህን በጆሮው የሰማ ሰው ኢኳላይዘር (የየድግግሞሹን ጉላት የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ) ብቻውን ክፍል ያድናል ብሎ አይከራከርም። በጠፋበት ቦታ ላይ 10 ዴሲቤል ለመጨመር ስፒከሩ አሥር እጥፍ ጉልበት ማውጣት አለበት፤ የሚሽረው ተመላሽ ሞገድም በዚያው ልክ ስለሚያድግ የጆሮው ትርፍ ከንቱ ነው።

ጥቅምት 16

ሌላ ምንም ሳይነካ ስፒከሮቹንና ወንበሩን አንቀሳቀስኩ። የስፒከሮቹ ፊት ከግድግዳው 90 ሳንቲም ሲርቅ 95 ኸርዝ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ይታያል፤ ወደ ኋላ ሄዶ ከግድግዳው የተመለሰው ድምፅ ግማሽ ሞገድ ዘግይቶ ስለሚደርስ ዋናውን ይሽረዋል። ልክ አጠገቡ 101 ላይ የወርዱ ሞገድ ጉብታ ስላለ በሁለቱ መካከል 22 ዴሲቤል ልዩነት ነበር፤ የቤዝ ጊታሩ ጂ፣ 98 ኸርዝ፣ በሁለቱ መካከል ተሰንቅሮ ነበር። ስፒከሮቹን ወደ ኋላ ገፍቼ ፊታቸው ከግድግዳው 40 ሳንቲም ላይ ሲሆን ጉድጓዱ ወደ 214 ኸርዝ ሸሸ። እዚያ ላይ ከስፒከሩ ጀርባ የሚለጠፍ ሮክ ውል (ከድንጋይ የተፈተለ የቃጫ ንጣፍ) ይይዘዋል። ወንበሩ ከፊት ግድግዳ 1.60 ሜትር ላይ ተቀመጠ። መካከሉ ላይ፣ 2.10 ሜትር ላይ፣ መቀመጥ አይቻልም፤ 41 ኸርዝ እዚያ የለም።

ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላስወጣም። ስቱዲዮ ላለው ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ሜትር ይዞ ስፒከሩን እንዲያንቀሳቅስ ነው።

ጥቅምት 25

የማዕዘን ሥራ ተጀመረ። ማዕዘን የተመረጠው የሁሉም ሞገዶች ግፊት እዚያ ስለሚበረታ፣ ድምፅ የሚውጥ ነገር የሚቀመጥበት ከዚያ የተሻለ ቦታ ስለሌለ ነው። ባለ 120 በ60 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲም የሆነ የሮክ ውል ጥፍጥፍ ለሁለት ተከፍሎ ካሬ ይሆናል፣ ካሬው በሰያፍ ይቆረጣል፣ ሦስት ማዕዘኖቹ ከወለል እስከ ሶሌታ ይደረደራሉ። ለአንድ ማዕዘን 56 ንብብር፣ ማለትም 14 ጥፍጥፍ ያስፈልጋል። የፊቱ ወርድ 85 ሳንቲም፣ እስከ ማዕዘኑ ያለው ጥልቀት ደግሞ 42 ሳንቲም ይሆናል። በሩ ከኋላው ቀኝ ማዕዘን ጋር ስለሚገጥም ሦስቱ ብቻ ተሠሩ።

ስለ ስፖንጅና ስለ እንቁላል ካርቶን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው፤ ብዙ ወጣቶች ገንዘባቸውን እዚያ ላይ ያፈሳሉና። የ100 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 3.43 ሜትር ነው፤ ሩቡ እንኳ 86 ሳንቲም ይሆናል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አምስት ሳንቲም ስፖንጅ ይህን ሞገድ አያየውም። የሚበላው ከላይ ያለውን የጸናጽሉንና የ«ሰ»ን ድምፅ ስለሆነ፣ ክፍሉ ላዩ የደረቀ፣ ታቹ የሚያስገመግም ሆኖ ይቀራል፤ ከበፊቱም የባሰ ሚዛን ያጣል። የእንቁላል ካርቶን ደግሞ ለዝቅተኛው ድምፅ ምንም የማይጠቅም ከመሆኑም በላይ እሳት ቢነሳ በፍጥነት የሚቀጣጠል ነገር ነው።

የሮክ ውሉ እፍጋት ላይ ብዙ አሰብኩ። ሻጮቹ ጠንካራውንና ከባዱን ያሞግሳሉ። ይህን ያህል ጥልቀት ሲኖረው ግን ቀለል ያለው ይሻላል፤ በጣም የታመቀው ድምፁን ፊቱ ላይ ይመልሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይህ ይብስ ይጸናል። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር የአየራችን ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቃጫው ለአየሩ እንቅስቃሴ የሚሰጠው ፍትጊያ አይቀንስም፤ አየሩ ግን ሳስቷል። ስለዚህ ያው ጥፍጥፍ እዚህ ከጂቡቲ ይልቅ «የጠጠረ» ሆኖ ለድምፁ ይሰማዋል። ከመርካቶ ያመጣነው ቀላሉን ነው።

ማልበሻው አቡጀዲ ነው። አፍ ላይ አድርገው እፍ ሲሉት ትንፋሽ የሚያሳልፍ ጨርቅ ሁሉ ድምፅም ያሳልፋል። ከአቡጀዲው ሥር ስስ ላስቲክ ዘርግተናል፤ ቃጫው በንኖ ዘማሪ ጉሮሮ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል፣ ቤዙን አያግደውም፣ ከላይ ያለውን ድምፅም በመጠኑ ስለሚመልስ ክፍሉ ሕይወቱ አይጠፋም። በቆረጣው ጊዜ ጓንትና ማስክ የግድ ነው፤ ክንድ የገባ ቃጫ ሌሊቱን ሙሉ ያሳክካል።

ኅዳር 3

ከማዕዘኖቹ በኋላ ለካሁ። 122 ኸርዝ ከ1.3 ወደ 0.45 ሰከንድ ወረደ። 101 ኸርዝ 0.5፣ 82 ኸርዝ 0.7 ሆኑ። 41 ግን 1.4 ላይ ነው፤ ነቅነቅ አላለም ማለት ይቻላል። የዚህ ሞገድ ሩብ 2.10 ሜትር ነውና በቃጫ ልንደርስበት ብንፈልግ ግማሽ ክፍሉን መሙላት ነበረብን።

61 ኸርዝ ደግሞ ተደብቆ ነበር። ተቀምጬ የማዳምጥበት የጆሮ ከፍታ 1.20 ሜትር ሲሆን፣ የከፍታው ሞገድ ባዶ የሚሆነው 1.40 ላይ ነው፤ ስለዚህ ከወንበሩ ሲለካ ችግር የሌለ ይመስላል። ማይክራፎኑን ወለሉ ማዕዘን ላይ አውርጄ ስለካ 0.9 ሰከንድ አሳየ። ወለል ላይ የተቀመጠ ከበሮ ይህን ሞገድ በሙሉ ኃይሉ ይቀሰቅሰዋል፤ የሚቀርጸው ሰው ግን ወንበሩ ላይ ሆኖ አይሰማውም፣ ሌላ ቤት ሲያዳምጠው ነው የሚሰማው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተለካ ክፍል ተለካ አይባልም።

ኅዳር 12

ለሁለቱ ቀሪዎች፣ ለ41 እና ለ61 ኸርዝ፣ መፍትሔው ሣጥን ነው። ከባድ ሰሌዳ በታሸገ አየር ላይ ሲቀመጥ አየሩ እንደ ሞላ (ስፕሪንግ)፣ ሰሌዳው እንደ ክብደት ሆነው በአንድ ድግግሞሽ ላይ አብረው ይርገበገባሉ፤ ከውስጥ ያለው ቃጫ ርግብግቢቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የእንግሊዙ ቢቢሲ መሐንዲሶች ለስቱዲዮዎቻቸው እንዲህ ዓይነቱን ድምፅ መዋጫ ከጣሪያ የሬንጅ ንጣፍ ሳይቀር ይሠሩ ነበር።

በየመጽሐፉ የሚገኘው ስሌት የሰሌዳው ክብደት (ኪሎ በካሬ ሜትር) በአየሩ ጥልቀት (በሜትር) ተባዝቶ፣ ስኩዌር ሩቱ 60ን ሲያካፍል ድግግሞሹ ይገኛል ይላል። ይህ 60 ከየት እንደመጣ መመርመር ተገቢ ነው። የአየሩን ሞላነት የሚወስነው የአየር ግፊት ነው፤ 60 የተገኘው በባሕር ወለል ላይ ካለው 101 ኪሎ ፓስካል ነው። የአዲስ አበባ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ ሞላው ላልቷል፣ ቁጥሩም ወደ 52 ይወርዳል። በክፍሉ ውስጥ ያሉት የቆሙ ሞገዶች ግን አይለወጡም፤ የድምፅ ፍጥነት ሙቀትን እንጂ ከፍታን አይከተልምና። ክፍሉ ባለበት ሲቆይ ሣጥኑ ብቻ በ13 በመቶ ወደ ታች ይንሸራተታል ማለት ነው። የውጭ አገር ንድፍ እንዳለ ወስዶ እዚህ የሚሠራ ሰው፣ ለ41 ኸርዝ ያሰበው ሣጥን 35 ላይ ይቃኝበትና ሣጥን አይሠራም ብሎ ይተወዋል። ይህን በአማርኛ ተጽፎ አላየሁም፤ ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ያነሣሣኝም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአየር ብቻ የሚሠሩት ባለ ቀዳዳ ሣጥኖች፣ በሄልምሆልዝ ስም የሚጠሩት፣ ከዚህ ነጻ ናቸው፤ የሚርገበገበውም ሞላውም አየር ስለሆነ ሁለቱ እኩል ይሳሳሉ።

12 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከታመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) በካሬ ሜትር 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለ41 ኸርዝ በመጽሐፉ ስሌት 24 ሳንቲም ጥልቀት ይጠይቅ ነበር፤ እዚህ 18 ይበቃል። ለጠባብ ክፍል ስድስት ሳንቲም ትልቅ ትርፍ ነው።

ኅዳር 20

አናጢያችን በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የማይስት ሰው ናቸው። የሣጥኑን ክፈፍ ከሞራሌ ሠርተው፣ መገጣጠሚያውን በኮላና በብሎን አጥብቀው ሲያበቁ፣ እኔ ደግሞ በየስንጥቁ ሲሊኮን ስሞላ አይተው፣ «ልጄ፣ ይህን ያህል አጥብቀህ የምትዘጋው ምን ልታስቀምጥበት ነው?» አሉኝ። «አየር ነው ጋሼ፤ የመርፌ ቀዳዳ ካገኘ ሞላነቱ ይጠፋል» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስንጥቁን ሁሉ ከእኔ ቀድመው በባትሪ ይፈልጉት ጀመር።

ሰሌዳውን ላለመክፈል ወስነናል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው ሙሉ ኤምዲኤፍ እንዳለ ተገጠመ። በ60 ሳንቲም ወርድ ቆራርጠን ብንገጥመው የሰሌዳው የራሱ ግትርነት ከአየሩ ሞላ ጋር ተደምሮ ድግግሞሹን በብዙ ያስወጣው ነበር። ውስጡ ከኋላው ግድግዳ ጋር የተለጠፈ 5 ሳንቲም ሮክ ውል አለው፤ ሰሌዳውን አይነካም። አንዱ ሣጥን ከኋላው ግድግዳ፣ ሌላው ከፊት በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ቆመ። የርዝመቱ ሞገድ ግፊቱ ያለው በሁለቱ ጫፎች ስለሆነ በጎን ግድግዳው መካከል ቢሰቀሉ ከንቱ ነበሩ።

ኅዳር 24

አንዲት የፒየዞ ቁራጭ (ርግብግቢትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ) ሰሌዳው መካከል ላይ ለጥፌ በጡጫዬ ጀርባ መታሁት። ስክሪኑ ላይ ጉብታው 44 ኸርዝ ላይ ወጣ። ጠርዙ ጠብቆ ስለታሰረ ግትርነቱ ትንሽ ጨምሯል። ከ44 ወደ 41 ለማውረድ ክብደቱ በ15 በመቶ መጨመር አለበት፤ ለሙሉው ሰሌዳ ከ4 ኪሎ ትንሽ በለጥ ይላል። ለጣሪያ ውኃ መከላከያ ከሚነጠፈው ባለ 4 ሚሊ ሜትር የሬንጅ ንጣፍ አንድ ካሬ ሜትር የማይሞላ ቆርጠን ከውስጥ በኩል መካከሉ ላይ ለጠፍን። እንደገና ስመታው 41 ላይ ተቀመጠ። ሬንጁ ክብደት ከመጨመሩም በላይ ሰሌዳው ራሱ ሲመታ ያሰማ የነበረውን የእንጨት ድምፅ ገደለው።

ታኅሣሥ 5

የ61 ኸርዙ ሣጥን ሥራ ወደ ላይ፣ ሶሌታው ላይ ነው። እዚያ ሬንጅ ብቻውን አይሆንም፣ በጊዜ ብዛት ይረግባል። 9 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ በ1.22 ካሬ ተቆርጦ፣ የግትርነቱ ድርሻ ታስቦ በስሌቱ ከሚወጣው 13 ሳንቲም ይልቅ 15 ሳንቲም ጥልቀት ተሰጠው። እያንዳንዱ በወፍራም ፊሸር ከሶሌታው ጋር ታሰረ፤ በሰው ራስ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ላይ ቁጠባ የለም። ሥራው አድካሚ ነበር፤ ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለውም።

ታኅሣሥ 19

ልኬቱ፦ 41 ኸርዝ ከ1.4 ወደ 0.8 ሰከንድ፣ 61 ኸርዝ ወለሉ ማዕዘን ላይ ሲለካ ከ0.9 ወደ 0.55። 82 ኸርዝም የኋላው ሣጥን ከቆመ ወዲህ ወደ 0.6 ቀረብ ብሏል። 41 ላይ ተጨማሪ ሣጥን ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር፤ በሩ ግን ቦታውን ይዞታል።

ጥር 8

በገና ቀረጽን። በገና ከባድ ሆኖ የሚሰማው በዋናው ድምፁ ብቻ አይደለም፤ ክሮቹ ከእንዚራው (ከየክሩ ሥር ካለው ትንሽ ቆዳ) ጋር ሲነካኩ የሚፈጥሩት መንዘርዘር ከዋናው በላይ ብዙ ድርብርብ ድምፆችን ያወጣል፣ ጆሮም ጥልቀቱን ከእነርሱ ይሰበስበዋል። ባዶው ክፍል ውስጥ ሞክረን በነበረው ቀረጻ 122 ኸርዝ አካባቢ ያለው ሳይሞት የሚንዛዛ ጭራ ይህን መንዘርዘር ሸፍኖት፣ አሥሩ ክሮች እንደ አንድ ወፍራም ጉም ይሰሙ ነበር። አሁን በገና ደርዳሪው አንዱን ክር ነክቶ ወደ ሌላው ሲሻገር የመጀመሪያው የት እንዳበቃ ይለያል። የደርዳሪውን ወንበር ከክፍሉ መካከል አውጥተን ከግድግዳው አንድ ሦስተኛ ላይ አደረግነው፤ ማይክራፎኑ ከበገናው ሣጥን ቆዳ 40 ሳንቲም ርቆ ቆመ።

ለቤዝ ጊታር ሚክስ ሞኒተሩ ላይ ብቻ፣ ቀረጻው ላይ ሳይሆን፣ 41 ኸርዝ ላይ ጠባብ የ4 ዴሲቤል ቅነሳ አድርጌያለሁ። ጉድጓድን በኢኳላይዘር መሙላት አይቻልም፤ የቀረን ጉብታ በመጠኑ መላጨት ግን፣ በዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው፣ ጭራውንም አብሮ ያሳጥረዋል። በበሩ በኩል ላለው ማዕዘን ከበሩ ከፍታ በላይ የሚጀምር ግማሽ ድርድር ታዟል፤ ሮክ ውሉ ሲመጣ ይሠራል፣ 82 እና 101 ኸርዝም እንደገና ይለካሉ።